በከሰል ያረምኩት ወረቀት

ሰሞኑን በቆሎ ጠብሼ ለልጄ ለሰላም ይዤላት ገባሁ። ገርጂ ካለው ቤታችን ሳትወጣ በኮምፒውተር የምትሠራ ልጅ ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሷ አንድ ጽሑፍ ላይ አፍጥጣለች።

«ምንድነው እንዲህ ያፈዘዘሽ?»

«መመሪያ ነው አባባ። ድረ ገጽ መሥሪያ አለ፣ በነጻ ለሁሉም የተለቀቀ። መመሪያው እንዳለው ሳደርግ አልሠራ አለኝ፤ ለካ የተሳሳተው እሱ ነው። እያረምኩት ነው።»

«ማን ይከፍልሻል?»

«ማንም። ነገ ሌላው እንዳይሳሳትበት ነው።»

«የጻፈው ሰውዬ አይቀየምሽም?»

ሳቀች። «ኧረ እንዲያውም ያመሰግነኛል። መጀመሪያ ለእሱ ነው የምልክለት፤ አይቶ ከተስማማ ራሱ ይለውጠዋል።»

በቆሎዋን አጠገቧ አስቀምጬ ወጣሁ። እኔም አንድ ጊዜ መመሪያ አርሜ ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መገናኛ እንዲህ ሰው ሳይተራመስበት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር መንገድ ነበር። እዚያ አካባቢ አንድ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ ማሽን ላይ እሠራለሁ፤ ልብሴም ፀጉሬም ኑግ ኑግ ይሸታል። ከሥራ ባልደረባዬ ከታደሰ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ሰሃን ሽሮ እየበላን እንኖራለን። እሱ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ዓመት ነው፤ ያስጠናኝም እሱ ነው።

አለቃችን የማሽኑን አሠራር ለአዲስ ሠራተኞች እንዲጽፍ ታደሰን አዘዘው። ካማረለት ቢሮ ሊያስገባው ቃል ገብቶለታል። ታደሰ ማሽን ነክቶ አያውቅም፤ ከባለሙያው አፍ እየሰማ ጻፈ። ባለሙያው ደግሞ አነጋገሩ እንደኛው ነው፤ ተራ አይጠብቅም። ኑጉ ሲጠቀጠቅ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ እጅህን ሰደህ ትጠርጋለህ፣ ይልና መጨረሻ ላይ «የማሽኑን መብራት አጥፍተህ ነው ታዲያ» ይላል። ታደሰም በሰማው ተራ አራተኛ ላይ «መብራቱን አጥፋ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ማንበብ የሚችለው ማሽኑን አያውቅም፣ ማሽኑን የሚያውቀው አያነብም። እኔ ግን ያኔ ንባብ ብርቄ ስለሆነ የሱቅ ስም እንኳ ሳላነብ አላልፍም። በጣቴ እየተከተልኩ ወርጄ አራተኛው ላይ ቆምኩ። በዚህ ወረቀት የሚሠራ ሰው እጁን የሚከተው ማሽኑ እየዞረ ነው። አዲሶቹ ደግሞ ሰኞ ሊገቡ ነው።

ቤት ስንገባ ልነግረው እችል ነበር። ግን ምሳ ሰዓት ሁሉም የፋጉሎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲበላ፣ «ታደሰ፣ ይኼ ወረቀትህ የሰው እጅ ይቆርጣል» አልኩት።

ሠራተኛው ተንከተከተ። አንዱ «ትናንት ሀ ሁ ብሎ ዛሬ መምህሩን ያርማል» አለ። ታደሰ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት እናየዋለን፣ ብላ» አለኝ።

እምቢ አልኩ። ኑግ ከምንቆላበት ምድጃ ከሰል አንስቼ አራተኛውን ሰረዝኩና ከመጀመሪያው መስመር በላይ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቴ ጻፍኩት። ያ የሚያምር ወረቀት ጠቆረ። ዞር ስል አለቃችን ከኋላዬ ቆሟል። አነበበና ገንጥሎ ወሰደው፤ «ይኼን ሰው ነው ቢሮ ላስገባ የነበረው?» እያለ።

ታደሰ ቅዳሜ ዕለት ዕቃውን ጠቀለለ። «ቤት አፍ የለህም?» አለኝና ወጣ። ለሁለት ሰው ሽሮ መሥራት የለመደ እጅ ቶሎ አይመለስም፤ ስንት ቀን ትርፉን ደፋሁ።

ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሚስቴንም ቀብሬአለሁ። ጓደኛ የምለው ሰው ግን አልያዝኩም። ስህተት እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ሰው ደግሞ ይህን አይወድም።

ታደሰ አሁን መገናኛ ከልጁ ጋር እንደሚኖር ሰምቻለሁ። እኛ ሰፈር ካለው ኢምፔሪያል አንድ ታክሲ ነው። ሄጄ ምን እላለሁ? ተሳስቼ ነበር እንዳልል አልተሳሳትኩም፤ በዚያ ማሽን የማንም እጅ አልተቆረጠም። ለብቻህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር ማለት ግን እችላለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል እሄዳለሁ እያልኩ ክረምቱ ሊወጣ ነው።