የገሊላ የክርስትና ስም

ብርቅነሽ ደራሲ ናት ብትባል ማዳም በሳቅ ትፈርስ ነበር። ማዳም፣ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ ብርቅነሽ በሠራተኝነት የምትኖርበት ቪላ እመቤት፣ የምታውቃት ጀለቢያ ስትተኩስ ብቻ ነው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ግን ብርቅነሽ መተኮሻ ክፍሏ ትቀመጥና ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስለው የከረመችውን ታሪክ በስልኳ ቀድታ ቴሌግራም ላይ ትለቀዋለች። በካርቱም የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ የአገሯ ሴቶች ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ሆነው ያዳምጡታል።

ታሪኮቿ መንፈሳዊ ናቸው። መንፈሳዊ ስላልኩ የሚያስተኙ አይምሰላችሁ። ባል ይከዳል፣ ደላላ ይዋሻል፣ አሠሪ ፓስፖርት ይደብቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር አይረሳም። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ብርቅነሽ እንደ ጨው ትጠነቀቅላታለች፤ ከበዛች ወጡ እንደሚበላሽ ታውቃለች። ሁልጊዜም የምትጀምረው «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች» ብላ ነው። መዘዙ የመጣው ከዚህች አጀማመር ነው።

የካርቱሙ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የያዘችው ታሪክ የገሊላ ነበር። ገሊላ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ብብቷ ሥር እብጠት ወጥቶባት ለማንም ሳትናገር ትሠራለች። ብርቅነሽ ይህን ከየት አመጣችው? ከራሷ ብብት ነዋ! ገላዋን ስትታጠብ እጇ የዳሰሰውን እብጠት ለሰው መናገር ቢያቅታት ለገሊላ ሰጠቻት። መስተሽፋ የሚሉት ሆስፒታል አልሄደችም። ማዳም ታማለች ብላ እንዳታባርራት ፈራች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሐኪሙ የሚላትን ፈራች። ስንቱን አይዞሽ ስትል የኖረች ሴት፣ ለራሷ ሲሆን ወኔዋ ከዳት።

አንድ ሐሙስ ገሊላ ቄሱን «በጸሎት አስቡኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ደረሰች። ለጸሎት የሚሰጠው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። ብርቅነሽ ብዙም ሳታስብ አፏ ላይ የመጣላትን «ወለተ ኪዳን» ብላ አለፈች። የራሷ ስም ነበር። የንስሐ አባቷ ደብረ ማርቆስ ስለቀሩ በካርቱም ይህን ስም የሚያውቅላት ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ አባ ለታመሙት ሲጸልዩ «ወለተ ኪዳንን ማርልን» አሉ። ብርቅነሽ ሞክሼ አገኘሁ ብላ አሜን አለች። በቀጣዩ ዓርብም ስሙ ተጠራ። ያን ዕለት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሻይ የምትሸጠው ትርንጎ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዘቻት።

«ለገሊላሽ ስለት ተስያለሁ» አለቻት። «ብቻ ትዳን እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ። ስሟንም ለአባ የሰጠነው እኛ ነን።»

የጎረቤት ቪላ ሠራተኛ የሆነችው የወሎዋ ሉጥፊያም «እኔም በየሶላቴ ዱዓ አደርግላታለሁ። ኢንሻአላህ ትድናለች» ብላት ነበር።

ብርቅነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሌለች ሴት ስም መቅደስ ውስጥ ጸሎት አስደርጋለች! ስሙ በተጠራ ቁጥር የሰው ጸሎት የሰረቀች እየመሰላት አንገቷን ደፋች። ብትናገር ማን ዳግም ያምናታል? ዝም ብትል ደግሞ በምን አፏ ትቆርባለች? በመጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ ሴቶቹ ግቢው ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ ከፊታቸው ቆመች።

«ይቅር በሉኝ። ገሊላ የለችም።»

«ሞተች?» ትርንጎ ደረቷን ደቃች።

«አልሞተችም። ድሮም አልነበረችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ሴቶቹ ተያዩ። ካርቱም ተወልዳ ያደገችው ናርዶስ ቱግ አለች፤ «ወላሂ? እና ይሄን ሁሉ ጁምዓ ለማን ነው የጸለይነው?»

ብርቅነሽ ሌሊቱን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ሁሉም ጠፋባት።

«ወለተ ኪዳን የኔ ስም ነው» አለች።

ትርንጎ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ብርቅነሽ ስድቡን ጠበቀች።

«እብጠቱስ?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

የብርቅነሽ እጅ ሳታዘው ወደ ብብቷ ሄደ።

«ዱክቱሩ ምን አለሽ?»

«አልሄድኩም።»

«ኸላስ፣ በቃ! ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ልብስሽን ለብሰሽ ጠብቂኝ!»

በማግስቱ ትርንጎ ሻይዋን ዘግታ መጣች። ማዳም እንድትፈቅድላት በአረብኛ ያሳመነቻት ሉጥፊያ ናት፤ የራሷን ሥራ ስትጨርስ እየመጣች ብርቅነሽ የምትተኩሰውንም ልብስ ተኮሰችላት። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ተመርምሮም ክፉ አለመሆኑ ተነገራት። ብርቅነሽ ተመስገን አለች። ከሁሉ በላይ ያመሰገነችው ግን እሷ ፈርታ አፏን በዘጋችበት ጊዜ ስሟን ያስጠራላትን አምላክ ነው። ለስንት ሰው ስትተርከው የኖረችው እግዚአብሔር እሷንም ያውቃታል ብላ እስከዚያ ድረስ ከልቧ አላመነችም ነበር።

ትርንጎ ስለቷን ለማስገባት ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ይዛ በመጣች ዕለት ብርቅነሽ ልታግዛት እጇን ዘረጋች።

«ዞር በይ!» አለቻት ትርንጎ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። «እኔ የተሳልኩት ለገሊላ ነው።»

ብርቅነሽም ዞር ብላ አሳለፈቻት፤ ከኋላዋ እየተከተለችም እልል አለች።