የክንዱ መዳብና የእትዬ ንግሥቴ እጅ

ቡሬ ወርዳችሁ «የክንዱ ቶርኖ ቤት» ካላችሁ የትኛውም ባጃጅ ያደርሳችኋል። ስለ ክንዱ ለመስማት ግን እኔን ጠይቁ። ሠርክአዲስ እባላለሁ፤ ከጎኑ የባጃጅ ጎማ እሸጣለሁ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ስለ እሱ የማላውቀው ነገር የለም፣ ያልነገረኝንም ጨምሮ።

ክንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የአገሩን ማረሻ ሲቀጠቅጡ ኖረው ሞቱ። ገበሬው ማረሻውን ይቀበልና ዞር ሲል «ዓይናቸው ይበላል» ይል ነበር። አሁን ይኼ ምን ይባላል? በሰውየው ማረሻ አርሶ በልቶ፣ ሰውየውን መልሶ ሰው በላ ማለት! ተውኝ፣ ደሜ ይፈላል። ክንዱ ግን አይናደድም፣ ያሾፍበታል እንጂ። ሥጋ ቤት ሰው ከበዛበት የተሰቀለውን ሥጋ ትኩር ብሎ ያየዋል። ገዢው አንድ ባንድ ሹልክ ይላል፤ እሱ ተራ ሳይጠብቅ ገዝቶ ይሄዳል።

ሹፈቱ ያላዋጣው ያምሮትን የወደደ ጊዜ ነው። ያምሮት ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። እናቷ እትዬ ንግሥቴ ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ቡሬ ገበያ ላይ ሳያውቁት የሚሸጥ ቅቤ የለም። ሚዛናቸው ሲበላሽ ክንዱ ይጠግንላቸዋል። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ይቀበሉና፣ ከኔ ደጅ ጀሪካን ውሃ ቀድተው እጃቸውን ይታጠባሉ። እሱ ስለነካው ነው እኮ! ያውም በኔ ውሃ! ሽማግሌ ሲላክባቸውማ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን የቀጥቃጭ ዘር ቤቴ አይገባም» ብለው መለሱ። ያምሮት ስታለቅስ ሰነበተች። ክንዱን ትወደዋለች፤ ያለ እናቷ ምርቃት ግን አላገባም አለች። እሱም እጠብቃለሁ አለ። መዳቡ የመጣው ነገራቸው እዚህ ላይ ተገትሮ ሳለ ነው።

ያመጣው የያምሮት አለቃ መምህር መሐሪ ነው። ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ትንሽ የቅንጣት ማፍጠኛ ሊሠራ ተነሣ። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ አየሩ ተመጦ በወጣለት የመዳብ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር በኤሌክትሪክ እየተገፋ ይሮጣል። አየር ከገባ ይጋጭና መንገድ ላይ ይቀራል። «ሮጦ ሮጦ የት ሊደርስ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ጫፉ ድረስ» አለኝ። ይሁን እንግዲህ!

የክንዱ ድርሻ ለዚያ ቱቦ የሚሆን ጎድጓዳ የመዳብ ሳህን በቶርኖ ማውጣት ነበር። ሁለት ሳህኖች አፍ ለአፍ ይገጠማሉ፤ በመካከላቸው ስስ የብር ቀለበት ይገባና ካምፓስ ባለው አየር አልባ ምድጃ ይጋላሉ። ብሩ ቀልጦ ይበይዳቸዋል። አፋቸው ከፀጉር ባነሰ ነገር እንኳ ከተዛነፈ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ልጠት በአልማዝ ጫፍ የሚልጠው፤ መዳቡ ፊት ያሳያል። ቶርኖ ቤቱ ግን በነቀምት መንገድ ዳር ነው፤ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይርዳል። ስለዚህ እኔ ደጅ ቆሜ «መጣ!» ስል ቢላውን ያነሣል፣ «ሄደ!» ስል ይቀጥላል። ለሳይንስ ይኼን ያህል ጮኬ አንድ ሰው እንኳ ስሜን አላነሣም።

ከተሳቢው የባሰው ሰው ነበር። የሚያብረቀርቅ ነገር ያየ ሁሉ ይገባል፣ ይዳስሳል። «እባካችሁ አትንኩ፤ የእጅ ወዝ ያበላሸዋል» ብሎ ክንዱ ይለምናል። «የኔ እጅ ንጹሕ ነው» ይሉና ይነካሉ። እኛ አገር ዕቃ ሳይዳሰስ ጥሩ ነው አይባልም፤ ጤፍም ይዘገናል፣ በሬም ይዳበሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ከምድጃ ሲወጡ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አውራ ጣት ከነመስመሩ ታትሞባቸዋል። ወዙ አርሮ ብሩን አላስይዝ ብሏል፤ ብየዳው ያፈሳል። መምህር መሐሪ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። የተረፈው መዳብ አንድ ጊዜ ብቻ ለመሞከር የሚበቃ ነበር።

ክንዱ ሁለተኛዎቹን ሳህኖች ጨርሶ እንዳስቀመጠ አንድ ሽማግሌ ገቡና እጃቸውን ሰደዱ። ያ ሰይጣን ክንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይንኩት አባባ፤ ዓይኔ አርፎበታል» አላቸው። ሰውየው ዱላቸውን ጥለው ወጡ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ገበያውን አዳረሰ፤ «ክንዱ መዳብ ላይ ዓይኑን ተክሏል፤ የነካ አያድርም!» ቶርኖ ቤቱ ጭር አለ። ክንዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ቂል!» አልኩት። «ገበያው ላይ የማን አማት ልትሆን የነበረች ሴት እንደምትውል ረሳኸው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

እትዬ ንግሥቴ በማግሥቱ የሚመዝኑትን ቅቤ ጥለው መጡ። እጃቸው እስከ አንጓው በቅቤ ያብለጨልጫል። ያምሮት ጓንት አጥልቃ ከመምህር መሐሪ ጋር ሳህኖቹን ልትጠቀልል ስትል ነው የደረሱት።

«አንቺ! ውጪ ከዚህ!» አሏት። ወደ ክንዱ ዞሩ። «አንተም ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሣ!»

«እርስዎም እጅዎን ከመዳቤ ያርቁልኝ» አለ ክንዱ፣ ቅቤውን እያየ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ያምሮት በዓይኗ ልትገድለኝ ደረሰች።

«እማ፣ ውሸት ነው እኮ! ሰው እንዳይነካበት ብሎ ነው» አለች።

«ውሸት ከሆነ እኔ ልንካው። ነክቼ ደኅና ካደርኩ ውሸት ነው። ካላስነካኝ ግን እውነት ነው፤ ከዛሬ ወዲያ ስሟንም አታነሣ።»

«በምንም ዓይነት!» ብሎ መምህር መሐሪ ጮኸ። «ሌላ መዳብ የለኝም!»

ክንዱ ያምሮትን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ አንዱን ሳህን አነሣና ለእትዬ ንግሥቴ ዘረጋላቸው።

«ይንኩት እትዬ። በሁለት እጅዎ ይንኩት።»

እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መልሰው ሰበሰቡት። ለካ የምር ፈርተዋል! እሞታለሁ ብለው እያመኑ ነው፣ ለልጃቸው ሲሉ፣ እጃቸውን የዘረጉት። ስንት ዘመን በውሃዬ ያቃጠሉኝን ሴትዮ እዚያው ወደድኳቸው። አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መዳፋቸውን ሙሉ ለሙሉ ለጠፉበት። መምህር መሐሪ ግድግዳ ተደገፈ። ቆይተው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ምንም የለም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ያምሮት እያለቀሰች ማጠብ ጀመረች። በሳሙና አጠበችው፣ በአልኮል አጠበችው፣ ካምፓስ ወስዳ ውሃውን በንዝረት በሚያናውጥ ማጠቢያ ውስጥ ነከረችው። ንጹሕ ውሃ ሲያፈሱበት ወዝ ካለ ውሃው ይቋጠራል፤ ከጠራ ግን ወጥ ሆኖ ይወርዳል። አመሻሽ ላይ ወጥ ሆኖ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች የተበላሹት ወዙን ሳናየው ምድጃ በመግባታቸው ነው፤ የእትዬ ንግሥቴን ቅቤ ግን ማን ሳያይ ይቀራል?

«ስትሰጣቸው ቅቤው እንደሚለቅ ታውቅ ነበር?» ብዬ ክንዱን ጠየቅሁት።

«ቅቤ የተቀባ መዳብ የት አይቼ!» አለኝ።

በእትዬ ንግሥቴ በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ገበያተኛው እየመጣ «አደሩ? ራስዎን አላመመዎትም? ንስሓ አባትዎ ያውቃሉ?» ይላቸዋል። ቅቤ የሚገዛ ጠፋ፤ አስተዛዛኝ ብቻ። መጀመሪያ ቅቤያቸውን እየለወሱ አሳለፉት። ኋላ ግን ገነፈሉ። «ወሬኛ ሁላ! ከኔ በላይ የነካው ማን አለ? ይኸው ቆሜያለሁ! ልጁን ተዉት!» ለክንዱ ሲሉ ከግማሽ ገበያው ጋር ተኳረፉ።

ሳህኖቹም ከምድጃ ወጡ። አየሩ ሲመጠጥ የመለኪያው መርፌ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የለም። መምህር መሐሪ እስክስታ ወረደ አሉኝ፤ አለማየቴ ይቆጨኛል።

ሽማግሌ ዳግም ሲላክ እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ይኼን ማን ይቀርበታል? እትዬ ንግሥቴ ቅቤ ሲለውሱ ነው የደረስነው። ክንዱ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ቆይ! እንዳትጠጋኝ!»

ክንዱ እንደጎነበሰ ቀረ። አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

እትዬ ንግሥቴ ግን «ያምሮት፣ ውሃና ሳሙና!» ብለው ተጣሩ። ያምሮት እያፈሰሰችላቸው እስከ ክርናቸው ፈተጉ፤ አለቅልቀው አሁንም ፈተጉ። እጃቸውን ወደ በሩ ብርሃን ዘርግተው ውሃው ሲወርድ አዩት። ወጥ ሆኖ ወረደ።

«አሁን ና» አሉት፤ በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው ሳሙት።