የብራናው ስፒከር

የኔታ መቋሚያቸውን ያስረክቡ አያስረክቡ እንደሆነ የሚወስነው እኔ የምሠራው የስፒከር ሳጥን ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል፣ በሰው ፊት።

የኔታ የሰፈራችን ገብርኤል መሪጌታ ናቸው። ቤተ ልሔም ምስክር ቤት ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ተማሪ ሲሳሳት ከመገሠጽ ይልቅ «ድገመው» ብለው ዝም የሚሉ ሰው። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጾመ ድጓ ላይ ስደርስ ጥያቸው ወጣሁና አርብ ገበያ ላይ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ሆንኩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ሳል አስተኝቷቸው ሲነሡ ድምፃቸው ሳስቶ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። ቤተ መቅደስ ውስጥ ችግር የለም። ታቦት ወጥቶ ሜዳው በሰው ሲሞላ ግን ያለ ስፒከር አይሰሙም፤ ራሳቸውም የሚያዜሙትን የሚሰሙት በስፒከሩ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ደግሞ ያ አፉ እንደ ጥሩንባ የሰፋ ቀንድ ስፒከር ነው። ለአዋጅ ይሆናል፤ ከደረት የሚወጣ የዕዝል ዜማ ሲገባበት ግን በአፍንጫ እንደሚያወራ ሰው ያደርገዋል።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዕዝሉን ጀምረው መሐል ላይ ቆሙ። ቀና ብለው ቀንዱን አዩት።

«ይኸ ማን ነው?» አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ድምጤን ካልሰማሁት ዜማውን እስታለሁ። አርባ ዓመት ያልሳትሁትን በስተርጅና ስቼ አልዋረድም። በሐምሌም እንዲህ ከሆነ መቋሚያዬን ለሌላ አስረክባለሁ» ብለው ማይኩን ጎናቸው ለቆመው ሰው ሰጡት።

የእኔ አፍ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል። «እኔ እሠራዋለሁ፣ የኔታ» አልኩ ከሰው መሐል።

ለሳምንታት ስልኬ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። የከበርቴ ቤት ስፒከር የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ጎራ እንደሆኑ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱ ጎራ፣ የታወቀ ፋብሪካ ያወጣውን ዝግጁ ስፒከር ግዛ፣ ጥበብህን ሳጥኑ ላይ አውል ይላል። ሌላው፣ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ለዚያ ሳጥን ብቻ ተብሎ ካልተሠራ ውድነቱ ከንቱ ነው ይላል። እኔ በመጀመሪያው ጀመርኩ። ከደብረ ታቦር ስምንት ኢንች ደህና ስፒከር አስመጣሁ፣ ሳጥኑን ከዋንዛ ሠራሁ፣ የኔታ ቤት ወስጄ ማይኩን ሰጠኋቸው።

ጥቂት አዜሙና «ጥሩ ነው» አሉ። «ግን እኔ አይደለሁም። ሌላ መሪጌታ አምጥተህ ሳጥን ውስጥ አስገብተሃል።»

ደሜ ፈላ። የሰው ጆሮ እንዲህ ይመርጣል እንዴ ብዬ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ግን እኔም ሰምቼው ነበር። ያ ስፒከር ለማንም ሰው የተሠራ ነው፤ የኔታን አያውቃቸውም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ብራና ከሚፍቁት ደብተራ ደጅ ነው። እሳቸው ከየኔታ ጋር አብረው ያደጉ፣ በበዓል ቀን ከበሮ የሚይዙ ሰው ናቸው። የፍየል ቆዳውን በፍሬሙ ላይ ወጥረው እየፋቁ ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ የተወጠረው ብራናም አብሯቸው ያንጎራጉራል። ቆሜ ቀረሁ። ከተቃጠለ አሮጌ ስፒከር ማግኔቱንና ብረቱን አወጣሁ፣ ኮይሉን በቀጭን ሽቦ በእጄ ጠመጠምኩ፣ ድምፁን በሚያወጣው ወረቀት ቦታ እሳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሱልኝን ብራና አጣበቅሁ። ሦስቱ ተበላሹ። አራተኛው ተናገረ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የኔታ ቤት ሞከርነው። አንድ ስንኝ አዜሙና እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ።

«ይኸ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ፣ ለራሳቸው ይመስለኛል፣ «ድገመው» አሉና ደገሙት።

ከዚያ በኋላ የሚችለኝ ጠፋ። አርብ ገበያ ላይ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ፋብሪካው ያቃተውን በፍየል ቆዳ ሠራሁት እያልኩ ተንጠባረርኩ። ደብተራው ግን አስጠንቅቀውኝ ነበር።

«ብራና ጉም ይጠጣል። የሐምሌ ጧት ነው። ከበሮውን እሳት ዳር ስናሞቀው ያችንም አብረን እናሙቃት።»

«ከበሮና ስፒከር ምን አገናኛቸው?» አልኳቸው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጉሙ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ውጦት ነበር። ሳጥኑን ከዋርካው ሥር አስቀመጥኩ፣ ባትሪውን አገናኘሁ፣ ማይኩን መታ መታ አደረግሁ። ኽርርር አለ። ብራናው እርጥበቱን ጠጥቶ ረግቧል፣ ኮይሉ ወርዶ ማግኔቱን ይፍቃል። ታቦቱ ወጥቶ ሁለተኛውን ዙር ይዞራል። እልልታው ይቀርባል።

ደብተራው ከበሮውን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ መጡ። ሰሙት። የነገርኩህ ነው አላሉም።

«ፍሙ ገና አለ። ግማሽ ሰዓት ስጠን፣ ትወጠራለች። እኔ ለየኔታ ልንገራቸው፣ ይጠብቁናል።»

ቀና ስል ሰው ከቦናል። ከአርብ ገበያ የብራናውን ስፒከር ሊያዩ የመጡ ናቸው፤ እኔው ነኝ የጠራኋቸው። በእነሱ ፊት ስፒከሬ እንደ እርጥብ ማቅ ፍም ላይ ሲሰጣ ታየኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

«እንዳይነግሯቸው» አልኳቸው።

ቦርሳዬ ውስጥ ከመፍቻዎቼ ጋር ያ የደብረ ታቦሩ ስፒከር ነበር። ከሳጥኑ ኋላ ተንበርክኬ፣ ነጠላዬን ጋርጄ፣ አራቱን ብሎን ፈታሁ። አንዱ ብሎን ጭቃ ውስጥ ወደቀ፤ ተውኩት። ሁለቱን ሽቦ አዛውሬ ገጠምኩና የፊቱን ጨርቅ መልሼ ሸፈንኩ። ደብተራው ቆመው አዩኝና ከበሮአቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደ ሊቃውንቱ ተመለሱ።

ታቦቱ ቆመ። የኔታ ማይኩን ያዙ፣ የመጀመሪያውን ቃል አወጡ። ዓይናቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ። ከሳጥኑ ወደ እኔ መጣ። እኔ ሽቦ የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። አሁን ያቆማሉ፣ አሁን ያቆማሉ እያልኩ ጠበቅሁ።

አላቆሙም። ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ ዕዝሉን ቀጠሉ። መሐሉ ላይ፣ ድምፁ መውረድ ባለበት ቦታ፣ ወደ ላይ ወጡ። ግማሽ የተማርኩት እኔ እንኳ አወቅሁት። በግራና በቀኝ የቆሙት ሊቃውንት ፈጥነው ተቀበሉና ሸፈኑላቸው፣ ከበሮው ገባ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ሜዳውን ከሞላው ሰው የነቃ ያለ አይመስለኝም።

«ብራና እኮ ነው!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

የኔታ ሲያልፉ «እግዜር ይስጥህ» ብቻ አሉኝ። በሳምንቱ እሑድ መቋሚያቸውን ለሌላ አስረከቡ። እርጅና ነው አልኩ ለራሴ። ይህን እየደጋገምኩ ከሦስት ወር በላይ ኖርኩ፤ እንቅልፍ ግን በወጉ አልተኛሁም።

ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ጠርቶ ገብሱ ሲታጨድ፣ ብራናው በራሱ ተወጥሮ አገኘሁት። ሳጥኑን ተሸክሜ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር።

«ዛሬ የራሷን ገጠምህላት?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር፣ የኔታ?»

«ከመዠመሪያው ቃል።»

«ታዲያ ምነው አላቆሙ?»

«ታኅሣሥ ላይ ሳቆም ያፈረው ቀንዱ ነው። በሐምሌ ባቆም የምታፍረው አንተ ነበርህ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። የረገበ ብራናዬ እንዳይታይብኝ ብዬ አርባ ዓመት ያልሳቱትን ሰው በሕዝብ ፊት አስቻቸዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እያለቀስኩ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት አልኳቸው፤ እሳት ዳር ብትሞቅ ይበቃት ነበር፣ አፍሬ ነው።

«አይ ልጄ» አሉ። «ብትነግረኝ እጠብቅህ ነበር። ከበሮውን ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ።»

ከዚያ ማይኩን ጠየቁኝና ቁጭ አሉ። ያንኑ ዕዝል ከመጀመሪያው አነሡት። ያ የሳቱበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በዝግታ፣ አንዲት ሳትጎድል፣ ወረዱ። ድምፁ የራሳቸው ነበር። ከእኔ በቀር የሰማ ሰው የለም።