ሁለተኛው ታንከር

ግንበኛ ነኝ። የሰው ቤት ስንጥቅ እንዳይ ስጠራ ምላሴ ረጅም ነው። የገዛ ሳሎኔን ጣሪያ የተሸከመው ቢም ከሥሩ ሲሰነጠቅ ግን ቀለም ቀብቼ ዝም አልኩ።

ጥፋቱ የእኔው ነው። ድሬ ውሃ በፈረቃ ነውና፣ ለአንድ ታንከር ብዬ በሠራሁት አርማታ ጣሪያ ላይ ሁለተኛ ደረብኩበት። ወር ሳይሞላ ስንጥቁ በቀለሙ ላይ ብቅ አለ። ሚስቴ አየችውና ፍራሿን ጎትታ በረንዳ ወጣች።

"ወላሂ፣ ይሄ ነገር ሳይሠራ ከሥሩ አልተኛም! አንተ ከፈለግህ ተቀበር!"

ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ አደረች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ብቻዬን መተኛት ከየት ልልመደው? ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አነጋ ነበር።

በመጨረሻ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራኋት፤ መሐንዲስ ናት። ታንከሮቹን አስፈሰሰች፣ ቢሙን በባሕር ዛፍ አስደገፈች፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች በግራይንደር አስቆፈረች። ከዚያ እንደ ሸንበቆ የቀለሉ ዘንጎች አመጣች።

"ፌሮሽ የት አለ?" አልኳት።

"ይሄ ፋይበር ነው። አይዝግም፤ ሲወጠር ደግሞ ከፌሮ ይጠነክራል።"

"አቦ ተይኝ! ከታይዋን ገበያ የገዛሽው መጫወቻ ነው እንዴ?"

"አቦ፣ አንተ ደሞ! ዝም ብለህ ያዝልኝ።"

ያዝኩላት። ዘንጎቹን ቦዩ ውስጥ በማጣበቂያ ቀበረቻቸው።

ከሳምንት በኋላ ድጋፉ ተነሳ። እኔም ከቢሙ ሥር፣ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ሲባጎ ወጠርኩ። በቢሙና በሲባጎው መሀል አንድ የክብሪት እንጨት ብቻ ያልፋል፤ ቢሙ ከጎበጠ አያልፍም። ውሃው ወደ ታንከሮቹ ሲለቀቅ ወንበር ስቤ ከሥሩ ተቀመጥኩ። እልህ ይዞኝ ዓይኔን ከሲባጎው አልነቀልኩም።

"ውጣ አንተ ሰውዬ!" ትላለች ሚስቴ በር ላይ ቆማ።

አልወጣሁም። ታንከሮቹ ከተጋመሱ በኋላ ወንበር ይዛ ገባችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ታዲያ ብቻህን ስትሞት ልይ?"

ከላይ ውሃው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር መሐንዲሷ ክብሪቱን ይዛ መጣች። ሚስቴ ነጠቀቻትና ወንበሩ ላይ ወጣች። ልክ ከአናታችን በላይ፣ በቢሙና በሲባጎው መሀል ሰደደችው። ምንም ሳይዘው አለፈ። ደገመችው፤ አሁንም አለፈ።

"አልሃምዱሊላህ!" አለች።

እፎይ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አላፈርኩም።

ሚስቴ ከወንበሩ ሳትወርድ ቁልቁል አየችኝ።

"ምን ያስለቅስሃል? ተነስ፣ ፍራሼን አስገባልኝ።"