አማን ውስጥ የማይከዳ ጠጅ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ኪስ የማይጎዳ፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት የሆነ ወይን ጠጅ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጠርሙስ መንገድ ለመንገድ ሲንገላታ ይመጣና ሱቅ ሲደርስ ደግሞ መስኮት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። አንዱን ስትከፍተው ደህና ነው፣ ሁለተኛው ኮምጣጤ። ባለሱቁን ብትጠይቀው እንደታሸገ ነው የሰጠሁህ ይልሃል፤ ጥፋቱ የምላስህ ነው ማለት ነው። ጠጅ ቤቶቹም ከዚያ አይሻሉም። የማር አገር ላይ ተቀምጠን ስኳር በጥብጠው፣ ቢጫ ቀለም ጨምረው ያቀርቡልናል፤ እኛም ጠዋት ራሳችንን ይዘን እንነሳለን።

ከዚህ ሁሉ የገላገሉኝ ከሚዛን አጠገብ፣ አማን ውስጥ ጠጅ የሚሸጡ አንዲት ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉት በጠጅ ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ብርሌ ጠጥተህ ወደ ሥራህ የምትመለስበት፣ ጣፋጭነቱ የማይሰለች፣ ጌሾው ጉሮሮህን ቆንጠጥ የሚያደርግ ጠጅ ነበር። ዋጋውንም እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ይችለዋል። ለዓመታት አንድም ቀን አልከዳኝም።

የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለሥራ ማጂ ተልኬ ብዙ ወራት ቆየሁ። በጥር ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ቤት ሳላደርስ እትዬ ዘንድ ገባሁ። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና መዋጥ አቃተኝ። አፍ ላይ ጥሬ ስኳር ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ይጎመዝዛል። ቀና ስል የድሮዎቹ ደንበኞች ብርሌያቸውን እየጨለጡ፣ ፈገግ እያሉ፣ እጅዎ ይባረክ ይላሉ። እትዬ የጓዳው በር ላይ ቆመው ያዩናል። እንደምንም ዋጥኩት።

ከእኔ በፊት ጀምሮ እዚያ ቤት የሚጠጣ አንድ አናጢ አለ። ሲወጣ ተከትዬ ወጣሁና ምን ነካቸው ብዬ ጠየቅሁት። ከሕመም ከተነሡ ወዲህ ጠጁ እንዲህ ሆኗል፣ ደፍሮ የነገራቸው ግን የለም አለኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ እሑድ የልጃቸው ሠርግ ነው። ሙሽራው የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ መኪና ሞልተው ይመጣሉ፣ የሠርጉንም ጠጅ የጣሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ለምን ዝም ትላላችሁ ስለው አካባቢውን ቃኘ።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ብሎኝ ሄደ።

በጣም ተናደድኩ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ይወዷቸዋል። ይሉኝታ ነው የያዛቸው። ነገር ግን እሑድ አማቶቹ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ብርሌያቸውን ሲያስቀምጡ፣ በጠጅ ስም ያወጡት ሴት በልጃቸው ፊት የት ይገባሉ? ብነግራቸውስ? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ደግሞ ሲያመልጥ የኖረ ነው። ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እትዬ ብርሌ ያጥባሉ። አጠገባቸው የሠርጉ ጠጅ ያለባቸው ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች አፋቸው በጨርቅ ታስሮ ቆመዋል። አለሳልሼ ልናገር አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። ጠጁ ተበላሽቷል፣ ለሠርግ አይቀርብም አልኳቸው።

አልተቆጡም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከታመምኩ ወዲህ ምላሴ ምንም አይለይም። ማሩም ጌሾውም ለእኔ ውኃ ነው። ለማን ልናገር? ጣዕም የማትለይ ሴት ቤት ማን ጠጅ ሊጠጣ ይመጣል? ስትጠጡ ፊታችሁን እያየሁ ነው የምሠራው። ከተኮሳተራችሁ ስኳር እጨምራለሁ፣ ከሳቃችሁ እተወዋለሁ። አንድ ሰሞን ሲኮሳተሩ ስኳር ጨመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይስቃሉ።»

ተነሡና ከአንደኛው በርሜል ቀዱልኝ። ይህን ሰሞኑን ለደንበኞች እያስቀመስኩ ያስተካከልኩት ነው ብለው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ከፊቴ አልተነሣም። ተጎነጨሁ፤ ፊቴን አልደበቅኋቸውም። አንድ ቃል ሳልናገር በርሜሉን አዘንብለው ወደ ቦዩ ለቀቁት። ያን ሁሉ ልፋት መሬት ሲጠጣው ቆሜ አየሁ።

ሁለተኛውን በርሜል ፈቱት። ይህን ገና ማንም አልቀመሰውም፣ ምንም አልጨመርኩበትም አሉ። ከእሱም ቀዱልኝ። ቀመስኩት። የድሮው ጠጅ ነው፤ ማሩ ማር፣ ጌሾው ጌሾ፣ ጉሮሮዬን እንደ ወትሮው ቆንጠጥ አደረገኝ። ልጅቷ ተረፈች ብዬ ደስ አለኝ፣ ፊቴ በፈገግታ ሞላ።

እትዬ ፊቴን አዩት።

«እነሱም እንደዚህ ነበር የሚስቁት» አሉና ይህንንም ሊደፉ የበርሜሉን አፍ ያዙ።

በእናቴ ይሁንብኝ ጥሩ ነው፣ ይህስ እውነት ነው እያልኩ በርሜሉን በሁለት እጄ አቅፌ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ፊቴን ማየት ትተው ነበር።