የጋሽ ደምሴ እንግሊዝኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ እናቴ አሜሪካ፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ መጋዘን ስትሠራ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው ኦሮራ ከተማ ጎረቤታችን ከነበሩት ከጋሽ ደምሴ ዘንድ ነበር። አገር ቤት፣ ደሴ ከተማ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እኩዮቼ ታብሌት ላይ ሲያፈጡ፣ እኔ ሶፋቸው ላይ እግሬን አጥፌ፣ አሮጌው ማሞቂያ ኳ ኳ ሲል እየሰማሁ፣ የቃላትን ተረት አዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የጠረጴዛውን መብራት አብርተው «ዌንድ» ስለሚባል የእንግሊዝኛ ግስ አወሩልኝ። ድሮ መዞር ማለት ነበር፤ ኋላ መንገድ ይዞ ቀስ እያሉ መሄድ ሆነ። ትናንት ሄደ ለማለት «ዌንት» ይባል ነበር። ከዚያ «ጎ» የሚባለው ግስ ይህን «ዌንት» ወሰደበት፤ ዛሬ ሁላችንም ከጥንት የ«ጎ» ይመስለናል።

«ታዲያ ዌንድ ምን ሆነ?»

«አረጀ፣ የኔ ልጅ። እንደኔ ያለ ሽማግሌ ካልሆነ ማንም አይጠራውም።»

በሳምንቱ በረዶ ጣለና ሊወስዱኝ መማሪያ ክፍሌ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ለአስተማሪዬ ወደ ቤት እንሄዳለን ሲሏት፣ ያንኑ «ዌንድ» ተጠቀሙ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «አያትሽ ናቸው?» ስትለኝ፣ «አይደሉም፣ ጎረቤት ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም» አልኳት፤ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ።

የኢስት ኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ስንመለስ እንዳልወድቅ እጄን አጥብቀው እንደያዙ ነበር። ከዚያ ወዲያ መክሰስ ይሰጡኛል፣ የቤት ሥራዬን ያዩልኛል፤ ተረቱ ግን ቀረ። ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ነገ እጠይቃለሁ ስል ዓመታት አለፉ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ጋሽ ደምሴን ስትሮክ መታቸው። ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ስንደርስ አማርኛው በጥቂቱ ተርፎላቸዋል፤ እንግሊዝኛው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ነርሷ በተናገረች ቁጥር ዓይናቸው እኔን ይፈልጋል፤ እኔም አስተረጉማለሁ።

«እንግሊዝኛ ጭራሽ አያውቁም?» አለችኝ።

«አስተማሪ ናቸው» አልኳት። «እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ደምሴ እጅጌዬን ሳብ አድርገው፣ «ምን አልሻት?» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። ተኝተው እስኪነሡ ልጠብቅ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳይነሡ ቀሩ። ካወሩልኝ ቃላት ብዙዎቹን ዛሬ ረስቻቸዋለሁ። ያንን ጥያቄያቸውን ግን አልረሳሁም፤ መልሱም እስካሁን እኔው ዘንድ አለ።