ያልቀመስኩት የረመዳን ሾርባ

ለማፍጠር ጥቂት ሲቀር አዬዮ ወጥ ቤት ገቡና ጭልፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። ከድስቱ ጨለፍ አድርገው ወደ አፌ አስጠጉና «ቅመሺው» አሉኝ።

ነገሩ የሆነው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። አዬዮ የአሠሪዬ እናት ናቸው። በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ቤቱ በሙሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኔም ለመድኩት።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ገጠሙ... በነሐሴ፣ ያውም በጅቡቲ ሙቀት! እነሱ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውኃ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ውኃዬን እየጠጣሁ፣ ከሰዓት ምስሬን እየበላሁ፣ ሥጋና ወተት አልነካም። ድስቱ ውስጥ የሚንተከተከው የፍየል ሾርባ ነው። ረመዳን ከገባ ጀምሮ የምሠራው በግምት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀምስ ሰው የለማ!

«አዬዮ፣ አልችልም። እኔም ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሰለምሽው?»

«አልሰለምኩም። የእኛም ጾም ገብቷል።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ዛሬ ከሰዓት ምስር ስትበዪ በዓይኔ በብረቱ አይቼሻለሁ። እየተበላ የሚጾመው ምን ዓይነት ጾም ነው?»

 በእነሱ ቤት ጾም ማለት አፍን መዝጋት ነው። ምስር እየበሉ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ለእሳቸው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ደግሞ በዚያው ሳምንት አንዷ ሠራተኛ ቀጣሪዎቿን በሾርባ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጥታ፣ ቤቱን አራቁታ ወደ የመን ተሻገረች የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሶታል። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አላጣራም።

አዬዮ ድስቱን አዩት... እኔን አዩኝ... ከዚያ ጮኹ።

«ልጄ! ቶሎ ና! ይቺ ልጅ ሾርባው ውስጥ የሆነ ነገር ከታለች!»

 ልጃቸው፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ እየሮጠ መጣ። ደግ የምለው ሰው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ሲታመሙ ታቅፌ ያደርኩት እኔ ነኝ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ልጆቹን ከማዕዱ አስነሥቶ ወደ ጓዳ ሰደዳቸውና በሩ ላይ ቆመ።

«ሙሉ፣ አንዴ ፉት በይላቸውና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

«ጾም ነኝ አልኩ እኮ... ሥጋ አልቀምስም።»

«እንግዲያው ፖሊስ ፊት ትቀምሺዋለሽ» ብሎ ስልኩን አወጣ።

የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ፖሊስ ከመጣ ሾርባው ሳይመረመር እኔ ድንበር ላይ ነኝ። ጭልፋውን ተቀበልኩ። ሾርባው እግሬ ላይ ተንጠባጠበ፤ ማቃጠሉ እንኳ አልተሰማኝም። ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት...

«እመቤቴ ማርያም፣ ይቅር በይኝ። ጾምሽን ልሽረው ነው» አልኩ እያለቀስኩ። ያልኩት በአማርኛ ነው፤ አዬዮ ግን አንዷን ቃል ለቀም አደረጓት።

«ቆይ! ማን አልሽ? መርየም?»

«አዎ። ጾሙ የእሷ ነው።»

መርየም በእነሱም ቁርአን የተከበረች ናት። ይኼኔ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። አዬዮ ጭልፋውን ከእጄ ወሰዱና «ቢስሚላህ» ብለው ጭልጥ አደረጉት!

«እናቴ!» ብሎ ጮኸ ልጃቸው።

አዬዮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። ምንም እንዳልከተትኩ እያወቅኩ፣ «ከትቼ ይሆን እንዴ?» ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ከንፈራቸውን ላሱ... ደግመው ላሱ... በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጨው የለውም» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሠሪዬ ስልኩን ኪሱ እየከተተ «በይ አትቀየሚ» አለኝ። ጨው ነሰነሱበትና ድስቱን ጠርገው በሉት። እኔ ግን አልሳቅኩም። አራት ዓመት ልጆቹን አምኖ የሰጠኝ ሰው በአንድ ደቂቃ መርዘኛ አደረገኝ... እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በማግስቱ ሻንጣዬን ሸከፍኩ። የምሄድበት ስለሌለኝ መልሼ ፈታሁት።

አዬዮም ይቅርታ አላሉኝም።  ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ጠዋት ግን ከገበያ መጡና ክንዴ ላይ ዶሮ አስታቀፉኝ። ከነነፍሱ! እግሩ ታስሮ ይንፈራገጣል።

«ሰፈር ያሉትን ሀበሾች ጠየቅኩ» አሉ። «ዛሬ ጾምሽን ትፈቺያለሽ አሉኝ። የእኛን እርድ እንደማትበሉም ነገሩኝ። ቢላ አላስነካሁትም፤ የራሳችሁ ሰው ይረደው።»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ያን ቀንም ከመጮኼ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ» አሉና ወጡ።

 መርዝ ከታለች ከተባልኩበት ቀን ይልቅ ያን ጠዋት ነው የደነገጥኩት፤ እንባዬም መጣ።

ችግሩ... በእኛ ደግሞ ሴት አታርድም። ከተማው በሙሉ በጾም ጭር ባለበት በዚያ የረመዳን ቀትር፣ ካርቲየ 2ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዶሮ ታቅፌ ክርስቲያን ወንድ ፍለጋ ወጣሁላችሁ!